የኮሎምቢያውያን ስደት፦ ጦርነት ያስነሣው፣ ቪዛ አቅጣጫ ያስያዘው

በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ የኮሎምቢያው ፕሬዚዳንት ጉስታቮ ፔትሮ ከአሜሪካ የተባረሩ ዜጎቻቸውን ያሳፈሩ ሁለት የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች አገራቸው ውስጥ እንዳያርፉ ከለከሉ። ስደተኛ ወንጀለኛ ስላልሆነ ክብሩ ተጠብቆ ሊመለስ ይገባል የሚል ነበር ክርክራቸው። ዶናልድ ትራምፕ በዚያው ዕለት በኮሎምቢያ ምርቶች ላይ የ25 በመቶ ቀረጥ እንደሚጥሉ ዛቱ፤ ውዝግቡም ብዙ ሰዓት ሳይቆይ ኮሎምቢያ ተመላሾቹን ለመቀበል ተስማምታ ረገበ፣ የመጀመሪያዎቹንም በራሷ አየር ኃይል አውሮፕላኖች አስመጣች። ዜናው በቀናት ውስጥ ተረሳ፤ ከጀርባው ያለው ጉዳይ ግን ሰፊ ነው። 52 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ኮሎምቢያ፣ የራሷ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንደሚገምተው፣ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ዜጋዋ የሚኖረው በውጭ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ለምን ወጣ? አንዱ ኒውዮርክ፣ ሌላው ማድሪድ፣ ሌላው ደግሞ በሰሜን ቺሊ በረሃ ዳር ሊከትም የቻለውስ በምን ምክንያት ነው? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ጦርነትና ኮኬይን። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ነገር ይጋርዳል። የኮሎምቢያ የእርስ በርስ ጦርነት ከቀያቸው አፈናቅሏቸው በመንግሥት የተጎጂዎች መዝገብ የሰፈሩ ሰዎች ከ8 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ እጅግ የሚበዙት ግን ድንበር ተሻግረው አያውቁም። መሬቱን ተነጥቆ የተሰደደ ገበሬ በአብዛኛው የደረሰው ከቦጎታ አጠገብ ባለችው ሶአቻ፣ በሜዴሊን ተራራማ ዳርቻዎች ወይም በካሊ የድሃ ሰፈሮች ነው። ባሕር ማዶ ለመሻገር የአውሮፕላን ቲኬት፣ ፓስፖርትና ተቀባይ ዘመድ ያስፈልጋል፤ ጦርነቱ ክፉኛ የመታው ሰው ደግሞ ከእነዚህ አንዱም በእጁ የለም። በእኔ እምነት፣ ሰውን ከቤቱ ያስነሣው ምክንያት አንድ ነገር ነው፣ መድረሻውን የወሰነለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መድረሻውን የወሰኑት በየዘመኑ የወጡት የቪዛ ሕጎች፣ የተቀባይ አገሮች የሥራ ገበያና ቀድሞ የሄደ ዘመድ ናቸው። የስደቱን ካርታ በዚህ ዓይን ሲያዩት የአገሪቱ የመደብና የክልል ልዩነት ራሱ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ይታያል።

መነሻውን ከኤፕሪል 9 ቀን 1948 መጀመር ይቻላል። በዚያ ቀን የሊበራል ፓርቲ መሪና የድሃው ሕዝብ ተስፋ የነበረው ሆርጌ ኤሊዬሴር ጋይታን በቦጎታ መሀል ከተማ በጥይት ተገደለ፤ ከተማዋ በቁጣ ነደደች፤ ቀደም ብሎ በገጠር የጀመረው የሊበራሎችና የወግ አጥባቂዎች መጨፋጨፍም ተባብሶ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው ፈጀ። በ1958 ሁለቱ ፓርቲዎች በየአራት ዓመቱ ሥልጣን ለመፈራረቅ ተስማሙ። ስምምነቱ እርስ በርስ መገዳደላቸውን ቢያቆምም ሌላውን ሁሉ ከፖለቲካው ውጭ አስቀረ፤ የመሬት ጥያቄም ሳይመለስ ቀረ። በ1964 ፋርክና ኤኤልኤን የተባሉት የሽምቅ ተዋጊ ድርጅቶች የተወለዱት በዚህ መሀል ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የኮኬይን ገንዘብና በባለመሬቶች የሚደገፉ ኢመደበኛ ታጣቂዎች ሲጨመሩበት ጦርነቱ መልኩን ለወጠ። የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽኑ በ2022 ባወጣው ዘገባ ከ1985 እስከ 2018 ብቻ ቢያንስ 450 ሺህ ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል። ይኸው ኮሚሽን በግጭቱ ምክንያት ከአገር የተሰደዱትን ለብቻ መርምሮ ቁጥራቸውን ቢያንስ አንድ ሚሊዮን አድርሶታል። ይህን ቁጥር በውጭ ከሚኖሩት 5 ሚሊዮን ጋር ስናስተያየው፣ አብዛኛው ኮሎምቢያዊ አገሩን ጥሎ የወጣው ጠመንጃ በቀጥታ ተደግኖበት አለመሆኑን እንረዳለን። ይህ ማለት ግን የቀሩት ደልቷቸው ወጡ ማለት አይደለም፤ ጦርነት ያደኸየው ኢኮኖሚም ያሳድዳል።

በቁጥር የመጀመሪያዋ ትልቅ መዳረሻ ጎረቤት ቬኔዙዌላ ነበረች። ከ1973 በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ ካራካስ ግንበኛ፣ የቤት ሠራተኛና ልብስ ሰፊ ፈለገች፤ በድንበሩ ያሉት የታቺራና የዙሊያ ግዛቶች ደግሞ ቡና ለቃሚና የከብት እርባታ ሠራተኛ። ድንበሩ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ነው፤ ለመሻገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በጠንካራው የቦሊቫር ምንዛሪ የተገኘ ደመወዝ ኮሎምቢያ ሲደርስ ይበረክታል። ስለዚህ ወደ ቬኔዙዌላ የሄደው በአብዛኛው ከካሪቢያን ጠረፍና ከድንበር አውራጃዎች የተነሣ ድሃ ነበር። በ1983 ቦሊቫር ሲወድቅ ፍሰቱ ቀነሰ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ታጣቂዎች በኮሎምቢያ በኩል ከድንበሩ አጠገብ ባለው በካታቱምቦ ሸለቆ እልቂት ሲፈጽሙ ግን ገበሬዎች እንደገና ተሻገሩ። የ2011 የቬኔዙዌላ ቆጠራ በኮሎምቢያ የተወለዱ ከ700 ሺህ በላይ ነዋሪዎችን መዝግቧል።

የእነዚህ ሰዎች ኑሮ ምን ያህል በቀላሉ ሊናጋ እንደሚችል በኦገስት 2015 ታየ። የኒኮላስ ማዱሮ መንግሥት በኮንትሮባንድና በታጣቂዎች አሳብቦ ድንበሩን ዘጋ፤ በሳን አንቶኒዮ ዴል ታቺራ ዳርቻ ባሉ የኮሎምቢያውያን ሰፈሮችም ወታደሮች ቤት ለቤት እየዞሩ ለመፍረስ የተፈረደባቸውን ቤቶች ግድግዳ በቀለም ምልክት አደረጉባቸው። ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ተባረሩ፤ ከ20 ሺህ የሚልቁ ደግሞ ተራው እስኪደርሳቸው ሳይጠብቁ ወጡ። ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣ፣ በርና የጣሪያ ቆርቆሮ በትከሻቸው ተሸክመው የታቺራን ወንዝ በእግራቸው ተሻግረው ኩኩታ ወደምትባለው የኮሎምቢያ የድንበር ከተማ ገቡ። ብዙዎቹ በቬኔዙዌላ አሥርና ሃያ ዓመት የኖሩ፣ ልጆቻቸውም እዚያ የተወለዱላቸው ነበሩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ፍልሰቱ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ፤ ዛሬ ወደ 2.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ቬኔዙዌላውያን ኮሎምቢያ ውስጥ ይኖራሉ። ፕሬዚዳንት ኢቫን ዱኬ በ2021 ለእነዚህ ስደተኞች የአሥር ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ለመስጠት ሲወስኑ፣ ለዘመናት ስደተኛ ስትልክ የኖረች አገር ከብዙ ባለጸጋ አገሮች የተሻለ ውሳኔ አሳልፋለች ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሰሜን የሄደው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። የ1965ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለቤተሰብና ለባለሙያ ቅድሚያ ሰጠ፤ ስለዚህ ቀድመው የገቡት ሐኪሞች፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ የእጅ ባለሙያዎችና የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። በኒውዮርክ ኩዊንስ፣ ከፍ ብሎ በተሠራው የባቡር ሐዲድ ሥር በሚዘልቀው ሩዝቬልት ጎዳና ዙሪያ ያለው የጃክሰን ሃይትስ ሰፈር ማዕከላቸው ሆነ። ቀድሞ በሄደ ዘመድና ወዳጅ በኩል የሚፈጠረውን ትስስር ጉልበት በግልጽ የምታሳየው ግን ሮድ አይላንድ ውስጥ ያለች ሴንትራል ፎልስ የምትባል ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ናት። በ1960ዎቹ አጋማሽ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ የሽመና ማሽን የሚጠግንና የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ አጡ። ሜዴሊንና ባራንኪያ ግን የራሳቸው ትልልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ስለነበሯቸው እንዲህ ያለውን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሠራተኛ ሞልቷቸው ነበር። የአሜሪካዎቹ ፋብሪካዎች ከዚያ መለመሉ። መጀመሪያ የመጡት ጥቂት መካኒኮች ናቸው፤ ከዚያ ሚስት፣ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ተከተለ። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ማኅበረሰቡ ግን እስከ ዛሬ አለ። ጦርነት እዚህ ታሪክ ውስጥ ከነጭራሹ አይታይም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ደቡብ ፍሎሪዳ የጎረፈው ሕዝብ ግን ፍርሃት ያባረረው ነው። ያ ዘመን እገታ እንደ ንግድ የተስፋፋበት ነበር፤ በ2000 ብቻ ከ3,500 በላይ ሰዎች ታግተዋል። ሽምቅ ተዋጊዎች አውራ ጎዳና ዘግተው መኪናዎችን እያስቆሙ ሀብታም የመሰላቸውን መርጠው ወደ ጫካ ይወስዱ ነበር፤ ቤተሰብ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በገንዘብ ይደራደራል። የነጋዴና የመካከለኛው መደብ ቤተሰብ ቤቱን በርካሽ ሸጦ፣ በቱሪስት ቪዛ ማያሚ ገብቶ፣ ዶራል፣ ዌስተንና ኬንዶል ሰፈረ። የአንዳንዱ ጥገኝነት ጸደቀ፤ የሌላው ቪዛ አለፈበትና ያለ ወረቀት ቀረ፤ ትናንት ድርጅት ይመራ የነበረው ሰው ቢሮ ማጽዳት ጀመረ። ለማዕከላዊ አሜሪካ አገሮች የተሰጠው ጊዜያዊ ጥበቃ ለኮሎምቢያውያን ተሰጥቶ አያውቅም፤ ዋሽንግተን ፕላን ኮሎምቢያ ለተባለው የፀረ ዕፅና የፀረ ሽምቅ ዘመቻ ድጋፍ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር እያወጣች ከዚያው ጦርነት የሸሹትን በዚህ መንገድ ማስተናገዷ ለእኔ ከባድ ተቃርኖ ነው። በ2020 የአሜሪካ ቆጠራ ራሳቸውን ኮሎምቢያዊ ያሉ ነዋሪዎች 1.3 ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል።

ስፔን የተለየች ምዕራፍ ናት፤ ምዕራፉም የሚጀምረው ከቡና ነው። እስከ ጁላይ 1989 ድረስ ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ለአምራች አገሮች የኤክስፖርት ኮታ እየመደበ ዋጋውን ይደግፍ ነበር። ኮታው ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ፤ በ2001 አካባቢም ለአሥርተ ዓመታት ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅተኛ ደረጃ ወረደ። ነገሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት በሐረርጌና በሲዳማ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ያንኑ ገበያ ነው የሸሸው። በኮሎምቢያ ካልዳስ፣ ሪሳራልዳና ኪንዲዮ የተባሉት የቡና አውራጃዎች ከሌላው ገጠር ይልቅ የተሻለ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ኤሌክትሪክ የነበራቸው፣ አነስተኛ ባለመሬት የበዛባቸው ነበሩ። የእነርሱ ሰው ተምሯል፣ ትንሽ ጥሪት አለው፣ የሚያጣውም ነገር አለው። በጃንዋሪ 25 ቀን 1999 የኪንዲዮ ዋና ከተማ የሆነችውን አርሜኒያንና አካባቢዋን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በዚያው ዓመት የአገሪቱ ኢኮኖሚ ከ4 በመቶ በላይ ኮሰመነ፤ ሥራ አጥነት ወደ 20 በመቶ ተጠጋ፤ የቤት ዕዳ ወለድ ሰማይ ነክቶ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለባንክ አስረከቡ።

በዚያን ጊዜ ኮሎምቢያውያን ስፔን ለመግባት ቪዛ አያስፈልጋቸውም ነበር። አገሪቱ የሕንፃ ግንባታዋ ጦፏል፤ ሕዝቧ እያረጀ ነው፤ የስፔን ሴቶች ወደ ሥራ ሲወጡ ሽማግሌ ወላጆቻቸውን የሚጦር ሰው ተፈለገ። ቋንቋው አንድ ነው። ስለዚህ ከሪሳራልዳ ዋና ከተማ ከፔሬይራና ከአርሜኒያ መጀመሪያ የሄዱት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ ቲኬቱን በብድር ወይም ቤት አስይዘው ይገዛሉ፤ ማድሪድ ሲደርሱ አሠሪያቸው ቤት እያደሩ አንዲት አሮጊት ሲያጥቡ፣ ሲያበሉ፣ ሌሊት ተነሥተው ሲያገላብጡ ዓመት ይሞላቸዋል። ልጆቻቸው ደግሞ ፔሬይራ ከአያት ጋር ቀርተው በሚላከው ዩሮ ይማራሉ። ባል የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው፣ ከተከተለ። ከጃንዋሪ 2002 ጀምሮ ስፔን ቪዛ መጠየቅ ስትጀምር ይህ በር ጠበበ፤ ነገር ግን የገቡት ሥር ሰድደው ነበር፤ የላቲን አሜሪካ ተወላጅ በሕጋዊ ነዋሪነት ሁለት ዓመት ከቆየ ለዜግነት ማመልከት እንዲችል የሚፈቅደው የስፔን ሕግ ደግሞ ከብዙ ሌሎች ስደተኞች የተሻለ ዕድል ሰጣቸው።

የዚህ ዜግነት ጥቅም ጎልቶ የታየው በ2008 የገንዘብ ቀውሱ ሲመጣ ነው። የስፔን ሥራ አጥነት ከ25 በመቶ በላይ ሲያሻቅብ አንዳንዱ ወደ ኮሎምቢያ ተመለሰ፤ የስፔን ፓስፖርት የያዘው ግን ወደ ለንደን ተሻገረ። ለንደን ቀድሞውኑ በ1970ዎቹ በሆቴልና በሆስፒታል የሥራ ፈቃድ የገቡ ኮሎምቢያውያን ነበሩባት፤ ኤለፋንት ኤንድ ካስል እና ሰቨን ሲስተርስ የሚባሉት አካባቢዎች በእነርሱ ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና የሐዋላ ቢሮዎች ይታወቃሉ። አዲስ መጪዎቹ ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ ተሳፍረው የመሀል ከተማውን ባንኮችና ቢሮዎች የሚያጸዱ ሆኑ። አንድ ሰው ከኪንዲዮ ተነሥቶ በማድሪድ በኩል ለንደን የሚደርሰው በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው፤ ያ ወረቀት የሌለው ጎረቤቱ ማድሪድ ሥራ አጥቶ ይቀመጣል፣ ወይም ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከደቡባዊ ድንበር አውራጃዎች ከፑቱማዮና ከናሪኞ የተነሣው ገበሬ እንዲህ ያለ አማራጭ አልነበረውም። ፕላን ኮሎምቢያ ከ2000 ጀምሮ የኮካ ተክልን ለማጥፋት ከአውሮፕላን የሚረጨው ግሊፎሴት በቆሎውንና ሙዙንም ያደርቅበት ነበር፤ ወታደር፣ ሽምቅ ተዋጊና ኢመደበኛ ታጣቂ ደግሞ በየተራ እየመጡ የማን ወገን እንደሆነ ይጠይቁታል። በእግሩ ወይም በጀልባ ኢኳዶር ገባ። ኢኳዶር በዚያው ዓመት ዶላርን መገበያያዋ አድርጋ ስለነበር የቀን ሥራውም የተሻለ ይከፍል ነበር። በኋላ ዓመታት ኢኳዶር ከ60 ሺህ በላይ ሰዎችን በስደተኛነት ተቀብላለች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኮሎምቢያውያን ናቸው። የርጭቱ ጉዳይ በ2008 ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2013 ኮሎምቢያ 15 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታ ተቋጨ።

ከፓስፊክ ጠረፍ ደግሞ ሌላ መስመር አለ። ቡዌናቬንቱራ የአገሪቱ ትልቅ ወደብ ናት፤ ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ጥቁር ኮሎምቢያውያን ናቸው፤ በወደቡ የሚያልፈው ሀብት ግን እነርሱን አይነካቸውም፣ የታጣቂ ቡድኖች ጭካኔ ግን አልማራቸውም። ከ2010 ገደማ ጀምሮ ከዚህች ከተማና ከካሊ ብዙዎች ኢኳዶርንና ፔሩን በአውቶቡስ አቋርጠው የመዳብ ማዕድን ወዳበለጸጋት የቺሊዋ አንቶፋጋስታ ሄዱ። እዚያ የጠበቃቸው ሥራ፣ ውድ የቤት ኪራይና በቆዳ ቀለማቸው የሚሰነዘር ጥላቻ ነው። ኪራዩን መቻል ያቃታቸው በከተማዋ ደረቅ ኮረብታዎች ላይ በእንጨትና በቆርቆሮ ቤት ሠርተው ይኖራሉ።

መንግሥት በ2016 ከፋርክ ጋር የተፈራረመው የሰላም ስምምነት ስደቱን ያስቆማል ብሎ የጠበቀ ሰው ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ የወጣው ሰው ብዛት በአገሪቱ ታሪክ ከታዩት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። በ2022 ብቻ ወጥተው ያልተመለሱት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ የአገሪቱ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አኃዞች አሳይተዋል። ከፊሉ ምክንያት ሰላሙ ሙሉ አለመሆኑ ነው፤ ፋርክ ለቅቆ በወጣባቸው አካባቢዎች መንግሥት ሳይሆን ሌሎች ታጣቂዎች ገቡ፤ ከስምምነቱ ወዲህ ከ1,000 በላይ የማኅበረሰብ መሪዎች ተገድለዋል፤ በጃንዋሪ 2025 በካታቱምቦ በተነሣ ውጊያም ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ሌላው ምክንያት ኪስ ነው፤ በ2022 መጨረሻ አንድ ዶላር 5,000 ፔሶ ደርሶ ነበር። ሆኖም ትልቁን ለውጥ ያመጣው በር መከፈቱ ነው ብዬ አስባለሁ። ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ ኮሎምቢያዊ ያለ ቪዛ ወደ ሸንገን አገሮች ይገባል፤ ሜክሲኮም ቪዛ ስለማትጠይቀው በ2022 የበጀት ዓመት በደቡባዊው የአሜሪካ ድንበር ከ125 ሺህ ጊዜ በላይ ኮሎምቢያውያን ተይዘዋል። እንግሊዝ በኖቬምበር 2022 ቪዛ አነሣች፤ የጥገኝነት ጠያቂው ቁጥር ሲጨምር ከሁለት ዓመት በኋላ መልሳ ጣለች። በ2024 መጀመሪያ በኮሎምቢያ የተወለዱ የስፔን ነዋሪዎች ከ850 ሺህ በላይ ሆነዋል።

ጦርነቱ ራሱ ያሠለጠነው የሰው ኃይልም ተሰድዷል። ጡረታው የማያኖረው የቀድሞ ወታደር ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ተቀጥሮ የመን ደርሷል፤ በዩክሬን ተዋግቷል፤ በ2024 ደግሞ በዳርፉር ከፈጥኖ ደራሹ ኃይል ጎን ተሰልፎ ተገኝቷል። ለእኛ አካባቢ ሰላም ይህ የሩቅ ዜና አይደለም።

ከውጭ የሚላከው ገንዘብ በ2024 ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል፤ አገሪቱ ከምትታወቅበት ቡና ከምታገኘው በእጅጉ ይበልጣል። ከሌላው ክልል ሁሉ የበለጠውን የሚቀበለው ካሊ የምትገኝበት ቫዬ ዴል ካውካ ነው። በምላሹ መንግሥት ለስደተኛው ድምፅ የመስጠት መብት፣ ጥምር ዜግነትና በተወካዮች ምክር ቤት ልዩ ወንበር ሰጥቶታል፤ በ2012 ደግሞ ለተመላሾች ድጋፍ የሚሆን ሕግ አውጥቷል። እነዚህ ዋጋ ያላቸው እርምጃዎች ናቸው። ብዙም የማይነገርለት ግን የእርጅና ጉዳይ ነው። በ1999 በአርባ ዓመቷ ማድሪድ የገባች ሴት ዛሬ ራሷ ጧሪ የምትፈልግበት ዕድሜ ላይ ናት። ኮሎምቢያና ስፔን የሚጋሩት የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት በሁለቱ አገሮች የተከፈሉትን የጡረታ መዋጮ ዓመታት ደምሮ ለማስላት ያስችላታል፤ ያለ ውል፣ ያለ ወረቀት አሮጊት ስትጦር የቆየችባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ግን በየትኛውም መዝገብ የሉም። ከአሜሪካ ጋር ደግሞ እንዲህ ያለ ስምምነት እስካሁን የለም፤ ስለዚህ ኒውጀርሲ ውስጥ ስምንት ዓመት፣ ካሊ ውስጥ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት መዋጮ የከፈለ ሠራተኛ ሁለቱን ደምሮ የሚያሰላለት አካል የለውም። በውጭ ያሉት ኮሎምቢያውያን ለምክር ቤት ወንበራቸው ተወካይ ሲመርጡ ከዕጩዎቹ አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባው ይህንን ይመስለኛል።